የቤት መኪና፣ የቤት ጫማ

ወንበሬ ሥር ሰላይ ተቀምጧል። ብሰድበው አይሰማም፣ ብለምነው አይራራም። አውቶቡሴ ከተፈቀደላት ፍጥነት ትንሽ ዘለል ካለች «ጢጥ» ይላል። ጥቂት ከጨመርኩ «ጢጥ ጢጥ» ይላል። እልህ ይዞኝ ከገፋሁበት ደግሞ ነዳጁን አንቆ ይይዝና ያንን ሁሉ ሰው የጫነች አውቶቡስ እያነከሰች እንድትሄድ ያደርጋታል። ያኔ ተሳፋሪው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። የፍጥነት መገደቢያ ነው ብዬ ባስረዳ ማን ያምነኛል? እየሰማሁ «ሾፌሩ አርጅቷል» ይባባላሉ።

ሰላዩ ብቻውን ቢሆን ደግ ነበር። ደብረ ብርሃን፣ የአውቶቡስ ማኅበራችን ቢሮ ውስጥ፣ ሰብለ የምትባል ልጅ አለች። ሰብለ ጨዋ ናት፤ ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም። ሥራዋ ግን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ እኔን ማየት ነው። እኔ ለእሷ ቀይ ነጥብ ነኝ። ነጥቡ ሲሄድ ዝም ትላለች፤ ነጥቡ ሲቆም ትደውላለች። አንድ ጊዜ ጣርማበርን አልፌ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ሜዳ ላይ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ለምኖኝ አቆምኩ። ወንዱ ወደ ቀኝ ሴቱ ወደ ግራ እንደተበተነ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ቆመዋል» አለችኝ።

«ቆሜያለሁ።»

«ምክንያቱን ልመዝግብልዎት?»

«የተፈጥሮ ጉዳይ ነው።»

«የተሳፋሪ ነው የሾፌር?»

ሃያ ሁለት ዓመት መሪ የጨበጥኩ፣ ልጆች ድሬ ለወግ ለማዕረግ ያበቃሁ ሰው፣ በአንድ እጄ ስልኬን በሌላው ቀበቶዬን ይዤ፣ «የሁላችንም ነው» ብዬ መለስኩ። መዘገበችው። ይኸው ጉዳዬ ከነሰዓቱና ከነደቂቃው የሆነ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል።

ይህ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከአራት ሰዓት በላይ ሳላርፍ እንዳልነዳ ሕግ አለ። በሳምንት አንድ ቀን የግድ አርፋለሁ፤ አላርፍም ብል አውቶቡሷ ለሌላ ሾፌር ትሰጣለች። ትራፊክ ባስቆመኝ ቁጥር የመነኻሪያ መውጫ ወረቀቴ ይታያል፣ ተሳፋሪዬ ይቆጠራል፣ ጎማዬ በእርግጫ ይመታል፣ እሳት ማጥፊያዬ ይነቀነቃል፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኔ ተከፍቶ ፋሻው ይዳሰሳል። አንዱማ መቀሱ ይቆርጥ እንደሆነ ብሎ በገዛ ጥፍሩ ላይ ሞክሮታል። ደህና ይቆርጥ ስለነበር አለፍኩ።

ሕጉን ጠልቼ አይደለም ይህን የምለው። የሰው ልጅ ይዤ ነው የምሄደው፤ ቁጥጥር ያስፈልገኛል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እኔ እንዲህ ተቀፍድጄ በምሄድበት መንገድ፣ በዚያው የገደል አፋፍ፣ በዚያው ኩርባ፣ ማንም ሳይቆጥረው፣ ማንም ሳይደውልለት፣ ወንበሩ ሥር ሰላይ ሳይኖርበት እንዳሻው የሚበር አለ። እሱ የቤት መኪና ይባላል።

የቤት መኪና ማለት የግል መኪና ማለት እንደሆነ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ለሥራ ሳይሆን ለባለቤቱና ለቤተሰቡ የሚሆን መኪና ነው። እኔም ትርጉሙ ይኸው ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ የባለቤቴ የአስካለ ታናሽ ወንድም ዳንኤል ባለፈው ታኅሣሥ ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያይ ብሎ ከአዲስ አበባ እውነተኛውን የቤት መኪና እየነዳ እኛ ዘንድ መሐል ሜዳ እስኪመጣ ድረስ።

ዳንኤል ልቡ ንጹሕ ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርለት። ዓመቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ ይውልና ዕረፍቱ ሲደርስ አገር ለአገር መዞር ይወዳል። ለዚሁ ብሎ ያረጀ የጭነት መኪና አፈላልጎ ጋራዥ ወሰደና ጀርባው ላይ ቤት አሠራበት። ቤት ስላችሁ ቤት ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ ከነሲሊንደሩ አለው፣ የዕቃ ማጠቢያ አለው፣ የውኃ በርሜል አለው፣ መጋረጃ አለው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ሽንት ቤት አለው። የበር ደወል እንኳ አልቀረበትም። አስካለ ወንድሟን ልትስም ወጥታ መጀመሪያ ደወሉን ነው የደወለችው።

መንጃ ፈቃዱን አሳየኝ አልኩት። ለትንሽዬ አውቶሞቢል የወጣ ፈቃድ ነው። ይህን የሚያህል ነገር በዚህ ትነዳለህ ወይ ብዬ ብጮህበት ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ የቤት መኪና እኮ ነው» አለኝ።

የሰማሁትን ማመን ስላቃተኝ ኬላ ላይ በዓይኔ እስካየው ድረስ ጠበቅኩ። አንድ ጠዋት እሱ ከፊት፣ እኔ በአውቶቡሴ ከኋላ ሆነን ደረስን። ትራፊኩ ምን እንደጫነ ጠየቀው። ዳንኤል ምንም አልጫንኩም፣ ቤት ነው አለ። ትራፊኩ «የቤት ነው?» አለ። ዳንኤል የቤት ነው አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ግን ነበር የሚያወሩት። ትራፊኩ በእጁ እለፍ አለውና ወደኔ መጥቶ ፋሻዬን መዳሰስ ጀመረ። ያ ከፊቴ ያለፈው መኪና ጋዝ ጭኗል፣ አልጋው ላይ የተኛ ሰው ሊኖር ይችላል ብዬ ብናገር «እሱ የቤት ነው» አለኝ፣ እንደማላውቅ ቆጥሮ። ያን ቀን ቁርስ ሳይበላልኝ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲያ የዳንኤልን ዘዴ ነቃሁበት። በሚሄድ መኪና ውስጥ አልጋ ላይ አይተኛም፣ ቀበቶ ይታሰራል ስትሉት፣ ቤት ውስጥ ቀበቶ ማን ያስራል ይላችኋል። እሺ ቤት ከሆነ ከጎረቤት ደጅ አንሣው ስትሉት፣ መኪና አይደል የትም ይቆማል ይላችኋል። መኪና ሲሉት ቤት፣ ቤት ሲሉት መኪና። እንዲህ ያለ ነገር ሕግ በየት በኩል ይያዘው?

ታዲያ በዚያው ሰሞን የወረዳው ሰዎች ዘመሮ ከተማ ላይ ስብሰባ ጠሩ። የመወያያው ጉዳይ በወረቀት ተጽፎ መነኻሪያ ተለጠፈ፤ የቤት መኪና የሚነዱ ሰዎች እንደ ሕዝብና እንደ ጭነት መኪና ሾፌሮች ቁጥጥር ይደረግባቸው ወይስ አይደረግባቸው የሚል ነው። ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የልቤን የሚያውቅ ሰው የጻፈው መሰለኝ። ሾፌሮቹ ተሰብስበው አንተ ተናገርልን አሉኝ። የመረጡኝ አንደበቴ ስለተባ አይደለም፤ ቤቴ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተደርጎ ስለተሰቀለው የምስክር ወረቀት ነው። «ሃያ ሁለት ዓመት ያለ አንዳች አደጋ» ይላል። በመንዝ መንገድ ላይ ይህን ማግኘት ቀልድ አይደለም። ገንዘብ የለኝም፣ ርስት የለኝም፤ ያለኝ ስም ያ ወረቀት ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ ከሱ ፊት ለፊት አስቀምጠዋለሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ንግግሬን ስለማመድ ከረምኩ። አስካለ ሽንኩርት እየከተፈች ታደምጠኛለች። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ እኔ አንድ ቃል ስረሳ እሷ ከጓዳ ሆና ትሞላልኝ ጀመር።

የስብሰባው ቀን የግዴታ ዕረፍቴ ቀን ላይ ዋለ። አውቶቡሷን ሌላ ሾፌር ይዟት ወጥቷል። ዳንኤል እኔ አደርስሃለሁ፣ እግረ መንገዴንም ስትሰድበኝ እሰማለሁ ብሎ ቃል ገባልኝ። ሲነጋ ግን የደጋው ብርድ ራሱን ይዞት፣ ፊቱ ተለዋውጦ፣ መቆም አቅቶት ተገኘ። አስካለ ፌጦ በሎሚ አጠጣችውና ዝተት አልብሳ፣ ከነቦት ጫማው አልጋው ላይ ጋደም አደረገችው። ዝተት እናንተ አገር ከሌለ፣ ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ዳንኤል ከዚያ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ ንዳው በቃ፤ እኔ ከኋላ ልተኛ» አለኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ቀኑ የዕረፍት ቀኔ ነው፤ በዕረፍት ቀን አይነዳም ብዬ የምከራከር ሰው ነኝ። በሚሄድ መኪና ውስጥ አልጋ ላይ አይተኛም ብዬም ተከራክሬያለሁ። ግን ሰዓቱ እየገፋ ነው፣ ስብሰባው አራት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ለራሴም፣ ይህ ሥራ አይደለም፣ የቤት መኪና ነው አልኩት። ይህን ቃል ከገዛ አፌ ስሰማው ትንሽ ከነከነኝ፤ ሞተሩን አስነሣሁ።

ከከተማ እንደወጣሁ «ጢጥ» እስኪል ጠበቅኩ። አላለም። ትንሽ ረገጥኩ። ዝም። ይበልጥ ረገጥኩ። አጎንብሼ ወንበሩ ሥር አየሁ፤ አንድ የቲማቲም ጣሳ ተንከባለለ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ስልኬን አየሁት፤ ሰብለ አልደወለችም። ለሰብለ ዛሬ እኔ የለሁም። የዚህን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ። ጭነት የያዘ መኪና ኩርባ ላይ ቀድሜ አለፍኩና ክላክስ አደረግኩለት። ከዚያ፣ አምላክ ይቅር ይበለኝና፣ ፎከርኩ። ብቻዬን፣ በጠጠር መንገድ ላይ፣ ቤት እየነዳሁ ፎከርኩ።

ከኋላዬ ሳህን ሲሰበር ይሰማኛል። ድስት ከአንድ ግድግዳ ወደ ሌላው ይሄድና ይመለሳል። ዳንኤል ከአልጋው ወድቆ ይሁን ተነሥቶ እንጃ፣ በትንሿ መስኮት በኩል «ጋሼ፣ ቤቱ! ቤቱ!» ይለኛል።

«ቤት አይደለም፣ መኪና ነው» አልኩት።

ዘመሮ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር አንድ ኩርባ አለ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያንን ኩርባ በእግረኛ ፍጥነት ያላለፍኩበት ቀን የለም፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚመጣ አይታይምና። ያን ቀን እየፎከርኩ ገባሁበት። ከማዶ መንገዱን የሞላ የበግ መንጋ ቆሟል። ፍሬን ያዝኩ። መኪናው ሊቆም ፈለገ፣ ቤቱ ግን አልፈለገም። የበርሜሉ ውኃ፣ አልጋው፣ ምድጃው፣ ዳንኤል፣ ሁሉም በአንድ ላይ ወደፊት ገፋን። በጎቹን ለማዳን መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ። የድንጋይ ካብ ነበር፤ ናድነውና ቁልቁል ወርደን አንድ ልስልስ ያለ ሜዳ ላይ ቆምን። ሁሉ ነገር ጸጥ ካለ በኋላ የበሩ ደወል በራሱ ጊዜ «ድንግ ዶንግ» አለ።

አንድም በግ አልተነካም። ዳንኤልም ግንባሩ ላይ ካበጠችው እብጠት በቀር ደህና ነበር። በሩን ከፈትኩና ለመውረድ ወደታች ሳይ፣ ከመውረዴ በፊት እጄ ጫማዬን ፈታ። አላሰብኩበትም፤ እጄ ነው የፈታው። ጫማዬን ከመሪው በር ሥር ጎን ለጎን አስቀምጬ በካልሲ ወረድኩ። የቆምንበት አውድማ ነበር።

የኛ አገር ሰው አውድማ በጫማ አይረግጥም። እህል የሚወቃበት፣ በረከት የሚወርድበት ቦታ ነው፤ ትልቁም ትንሹም ዳር ላይ ጫማውን አውልቆ ይገባል። ያ አውድማ ደግሞ በቅርቡ በእበት የተለቀለቀ ነበር፤ ሌሊት ውርጭ ስለጣለበት ከሥር እንደ ረጠበ ነው። ከዳር እስከ መሐል ሁለት የጎማ መስመር አፈር ድረስ ተቆፍሯል። የኋላው ጎማ ጭራሽ ሰጥሟል። የገብሱ ክምር ከፊታችን ነው፤ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ጥቂት ዘግይተን ብንቆም የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ላይ ነበር የምንወጣው።

ለደቦ የተጠሩ ሰዎች መንሽ ይዘው፣ በሬ እየነዱ መጡ። ከፊት ባለቤቱ አሉ፤ መምሬ ጥላዬ ይባላሉ፣ የአጥቢያው ቄስ ናቸው። አውድማው ዳር ሲደርሱ ቆሙ። ጎንበስ አሉና ጫማቸውን አወለቁ፤ አቧራውን ሣር ላይ አራግፈው አስቀመጡት። ከዚያ በባዶ እግራቸው በእበቱ ላይ ቀስ ብለው እየረገጡ፣ አራት ጎማ ይዞ ወደቆመው ነገር መጡ። ቢቆጡ፣ በመቋሚያ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሰው ተጎድቷል?» አሉ መጀመሪያ።

ማንም እንዳልተጎዳ ነገርኳቸው። እግዚአብሔርን አመሰገኑና መኪናውን ከፊት እስከኋላ አዩት። መጋረጃውንም አዩ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የቤት መኪና ነው፣ መምሬ» አልኩ። ያን ሁሉ ሳምንት ስረግመው የከረምኩትን ቃል።

«ቤት ከሆነ አውድማዬ ላይ ማን መራላችሁ? መኪና ከሆነ ማን ነዳው?»

ዳንኤል በኋላው በር ዝተቱን ተከናንቦ፣ በቦት ጫማው እበቱ ላይ ወርዶ ቆሟል። ወደኔ አየ። በሐሳቤ የምስክር ወረቀቴ ከነመስታወቱ ከግድግዳ ሲወርድ ታየኝ። ዳንኤል «እኔ ነኝ አባ» አለ። አሁንም መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

መምሬ ጥላዬ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደኔ ዞሩ። «አንተ የአውቶቡሱ ሾፌር አይደለህ?»

«ነኝ።»

«ይኸውልህ፤ አንተ ብትነዳው ይኼ አይሆንም ነበር» አሉኝ። ዳንኤልንም ከሱ ተማር ብለው መከሩት። ዳንኤል እሺ እማራለሁ አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ያፈርኩበት ቀን የለም፤ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝም እሷው ራሷ የመምሬ አውድማ ናት።

ሊወቁ የመጡት በሬዎች ቤት ጎታቾች ሆኑ። ሁለት ጥማድ ከኋላ ተጠመደ፤ ዳንኤል ሾፌር ነኝ ብሏልና መሪ ያዘ፤ እኔ ከደቦው ሰዎች ጋር በካልሲዬ እበት ውስጥ ገብቼ ገፋሁ። መኪናው ወጣ፤ አውድማው የታረሰ መሬት መሰለ። መምሬ ደቦውን ይቅርታ ጠይቀው በትነው ሰደዱ። አውድማው እንደገና ተለቅልቆ እስኪደርቅ ገብሱ ክምር ላይ ሊቆይ ነው፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ያለ ወቅቱ ጥቁር ደመና ተንጠልጥሏል። መምሬ ደመናውን አየት አደረጉ። እኔም አየሁት። ዝናብ ከጣለ ያ ክምር ይበሰብሳል።

ከዚያ ሸሸን ብል ይቀላል። ዳንኤል እየነዳ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ዘመሮ ልንገባ ስንል እግሬን በረደኝ። ሳየው ጫማ የለኝም። ተመልሼ ላመጣው አልኩና የመምሬን ዓይን ሳስበው ተውኩት። ዳንኤል ከቤቱ ውስጥ ፈላልጎ የሚስቱን የቤት ጫማ ሰጠኝ። ሮዝ ነው፤ ጠጉራም ነው፤ ከፊቱ ሁለት የጥንቸል ጆሮ አለው። ተረከዜ ከኋላ ተርፎ መሬት ይነካል።

በዚያ ጫማ አዳራሽ ገባሁ። ስብሰባው ተጀምሯል። አንድ ነጋዴ ተነሥቶ ሰው በገዛ መኪናው ለመዝናናት ሲወጣ ማን አለቃ ሊሆንበት ነው፣ ሥራ ላይ አይደል፣ የማንን ሰው ጫነ እያለ ይናገራል። ንዴቴ ተቀሰቀሰ። ከሁሉ የሚገርመው እሱ ነው፤ በዚያ ሁሉ ኃፍረት ውስጥ ሆኜ ንዴቴ ግን አልቀነሰም። ተራዬ ደረሰና መድረኩ ላይ ወጣሁ። ጆሮዎቹን ከጠረጴዛው ጀርባ ደበቅኳቸው።

እንደዚያ ቀን ተናግሬ አላውቅም። መንገዱ የእረፍትና የሥራ አይለይም፣ ገደሉ የታርጋ ቁጥር አይጠይቅም አልኩ። የሚዝናና ሾፌር ከሚሠራ ሾፌር ይልቅ ያስፈራል፤ የሚሠራው የሚመለስበትን ያስባልና አልኩ። ያንን የሚያህል ቤት የሚነዳ ሰው እንደኛ ይፈተን፣ እንደኛ ይረፍ፣ ወንበሩ ሥር እንደኛ የሚጮህ ይደረግለት አልኩ። ሾፌሮቹ ቆመው አጨበጨቡ። ነጋዴው አንገቱን ደፋ። የጭብጨባው ድምፅ ሲበርድ በሩ ተከፈተና መምሬ ጥላዬ ገቡ።

ለካ እሳቸውም በአገር ሽማግሌነት ተጠርተው ኖሯል። በውቂያው ምክንያት ቀርተው ነበር፤ ውቂያው ሲፈርስ በበቅሎ መጡ። ሰብሳቢው ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። አልተቀመጡም።

«ነገር ላቋርጥ አልመጣሁም፤ ዕቃ ላደርስ ነው» አሉ። ከጋቢያቸው ሥር ጥቁር ጫማዬን አወጡና ከመድረኩ ፊት ወለሉ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡት። «ዛሬ ጠዋት አውድማዬ ላይ የወጣው መኪና ሾፌር ረስቶት ሄዷል። በመሪው በኩል፣ በሩ ሥር ነው ያገኘሁት።»

ዳንኤል ከኋላ ወንበር ተነሣ። «የኔ ነው አባ» አለ።

መምሬ ጥላዬ ዞረው ቦት ጫማውን አዩ፤ የደረቀ እበት እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ አለበት።

«ልጄ፣ አንተ አውድማዬ ላይ በጫማህ ነው የቆምከው» አሉት። «አልከፋኝም፤ አታውቅም። ይኼን ያወለቀው ግን የሚያውቅ ሰው ነው።»

ይህን ሲሉ ወደኔ አላዩም። ሆን ብለው አላዩም። ሌላው ሰው ሁሉ ግን አየኝ። ከጠረጴዛው ጀርባ ወጣሁ። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ጆሮዎቹን አየ፤ አንድም ሰው አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻል ነበር። ወርጄ ከጫማዬ ፊት ቆምኩ።

«የኔ ነው» አልኩ። «የነዳሁትም እኔ ነኝ።»

ነጋዴው ወዲያው ቀና አለ። ታዲያ ያ ሁሉ ንግግርህ ምን ሊሆን ነው ብሎ ጠየቀኝ። መልሴን አላዘጋጀሁትም፤ አስካለም አልሰማችውም።

«ንግግሬ እንዳለ ነው» አልኩት። «ምስክር ጎድሎት ነበር፣ አሁን ተሟላ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሳልነካ የኖርኩት ጎበዝ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር። ድሮ ተሳፋሪው ይጮህብኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ ወንበሬ ሥር ያለው ዕቃ ይጮህብኛል። አንድ ጠዋት የሚጮህብኝ ቢጠፋ የመምሬ እህል ላይ ልወጣ ነበር። እኔን እንዲህ ያደረገኝ ሌላውን ምን ያደርገዋል?»

ጎንበስ ብዬ የቤት ጫማውን አወለቅኩና የራሴን አጠለቅኩ። መምሬን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቀድመውኝ ይቅር ብለውኝ ነበር፤ ጫማውን ይዘው በበቅሎ የመጡት ለዚያ ይመስለኛል። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የሚያውቅ ሰው፣ መለቅለቅም ያውቅ ይሆናል» አሉኝ።

ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳንኤልና እኔ እበት አስሰን፣ አፈር አለስልሰን፣ ካቡን መልሰን ክበን፣ አውድማውን ከዳር እስከ ዳር በእጃችን ለቀለቅነው። ዳንኤል አውድማው ዳር ሲደርስ ሳይነገረው ቁጭ አለና ቦት ጫማውን ፈታ። ደመናው ሦስት ቀን ሙሉ ተንጠልጥሎ ሲያስፈራራን ቆይቶ ወደ ቆላ ወረደ። አውድማው ደረቀ፤ ገብሱም ተወቃ። ዳንኤል ለደቦው ሰዎች ምሳ በዚያ ምድጃው ላይ ሠራ፤ ሲጠሩትም ደወሉን እየደወሉ ነበር። ስብሰባው ምን እንደወሰነ እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ ያ ነገር አሁንም ያናድደኛል።

የምስክር ወረቀቱን ራሴ ከግድግዳ አወረድኩት። ቦታው ላይ አራት ማዕዘን ነጭ ምልክት ቀርቷል፤ እንግዳ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል፣ አስካለም አጠር አድርጋ ትነግረዋለች።

ከስብሰባው ማግስት ወደ አውቶቡሴ ተመለስኩ። ዘመሮ መግቢያ ካለችው ኩርባ ስንቃረብ ሐሳብ ወስዶኝ ትንሽ ረገጥኩ መሰለኝ፣ ከወንበሬ ሥር «ጢጥ» አለ።

«እሺ፣ መምሬ» አልኩና እግሬን አነሣሁ።

ከጎኔ የተቀመጡ ባልቴት ዞር ብለው ከማን ጋር እንደማወራ ጠየቁኝ። በእግረኛ ፍጥነት ኩርባውን ዞርኩ። ከማዶ መንገዱ ላይ በጎች ነበሩ።